የክት ሰዓት እንሽጥ፣ የውሸት ስም አንሽጥ

ካቻምና ለፋሲካ አንዲት እህታችን ከሪያድ ጠቅልላ ስትመለስ ለአባቷ የእጅ ሰዓት ገዛች። የገዛችው ከእኛው ከነጋዴዎቹ ሰፈር ነው። የሱቁን ስም አንጠራም፤ ሻጩ ይህን ካነበበ ራሱን ያውቀዋል። ሰዓቱ ወርቅማ ነው፣ ፊቱ ላይ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀው የስዊስ ስም ተጽፎበታል፣ ሣጥኑም የእንጨት ነው። የሁለት ወር ደመወዟን ቆጥራ ከፈለች። አባቷ ለበዓሉ አስረውት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፣ ጎረቤት አየው፣ ልጃቸውን መረቁ። ለመስቀል ቆመ።

ሰዓት ሠሪ ዘንድ ወሰደችው። ሽማግሌው ጀርባውን ከፍተው ጥቂት ዝም አሉ። ውስጡ ሰፊ የፕላስቲክ ቀለበት ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ርካሽ የባትሪ ማሽን ተቀምጣለች። «ልጄ፣ ባትሪውን እቀይርልሻለሁ፤ ሌላውን አትጠይቂኝ» አሏት። «ጋሼ፣ ይንገሩኝ» አለቻቸው። ነገሯት። አባቷ እስከ ዛሬ አያውቁም፤ ሰዓቱንም ለበዓል ለበዓል ያስሩታል።

ይህን ስንጽፍ ጣታችንን ወደ ሌላ ሰው ብቻ አንቀስርም። እኛም በዚህ ገበያ ውስጥ ነን። ከዴይራ በካርቶን አምጥተናል፣ በኢስሊ አከፋፍለናል፣ በሞያሌም በኩል መርካቶ አስገብተናል። የሐሰት ስም የተጻፈበትን ባንሸጥም፣ ከዚያ የማይሻል ሌላ ነገር ሸጠናል፤ ወደ እሱም እንመጣለን። አሁን ግን ለወገን ነጋዴ የምንለው አንድ ነገር አለ። ለሽማግሌ፣ ለሙሽራ፣ ለምርቃት የሚሆን የድሮ መልክ ያለው፣ በሞላ የሚሠራ፣ የሠሪው እውነተኛ ስም ያለበት አዲስ ሰዓት ዛሬ በተመጣጣኝ ዋጋ አለ። ይህ እያለ የውሸቱን መሸጥ ስንፍና ነው፤ ከስንፍናም ያልፋል።

ስለ የትኞቹ እንደምናወራ እንግለጽ። ታይሜክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1960ዎቹ ይሸጠው የነበረውን ማርሊን እ.ኤ.አ. በ2017 መልሶ አወጣው። ስፋቱ 34 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ባትሪ የለው፣ ቀን አያሳይ፣ በየቀኑ በእጅ ይሞላል። ሲወጣ ዋጋው 199 ዶላር ነበር። የጃፓኑ ኦሪየንት ደግሞ ባምቢኖ አለው። እሱ የአንድ የድሮ ሞዴል ግልባጭ አይደለም፤ ግን ጎበጥ ያለው መስታወት፣ ጎበጥ ያለው ፊት፣ ቀጫጭኖቹ ጠቋሚዎች ሁሉ የአባቶቻችንን ዘመን ያስታውሳሉ። ማሽኑን የሚሠራው ራሱ ኦሪየንት ነው። ለረጅም ጊዜ የሚታወቀው የ40.5 ሚሊ ሜትሩ ነበር፤ በኋላ 38 ሚሊ ሜትር የሆነም አወጡ። ፈልጎ ለሚገዛ ሁለቱም ከ200 ዶላር ብዙ ሳይርቁ ይገኛሉ። ቲሶም በ1950ዎቹ ያወጣውን ቪዞዳት በድሮ መልኩ መልሶ ሠርቶታል፤ ዋጋው ግን ከእነዚህ ብዙ ስለሚልቅ ለሌላ ቀን ይቆየን።

በአማርኛ ለልብስ «የክት» እና «የዘወትር» እንላለን። እነዚህ የክት ሰዓቶች ናቸው። ለጭነት ማራገፊያ፣ ለዋና፣ ለሞተር ብስክሌት አይሆኑም። ከእጅጌ ሥር ገብተው የሚተኙ፣ በነጠላና በኮት የሚያምሩ ናቸው። ደንበኛ ገና ሲያየው «ይቺ የሴት ናት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም፤ ዓይናችን 44 ሚሊ ሜትር የሚያህል ሰሐን ለምዷልና። የአያቱን ፎቶግራፍ አውጥቶ የእጃቸውን ሰዓት ይመልከት በሉት። በዚያ ዘመን የወንድ ሰዓት 34 እና 35 ነበር። በነገራችን ላይ ሴቶች ደንበኞቻችን ማርሊንን ከወንዶቹ ቀድመው ወደውታል፤ ለባሎቻቸው ብለው ገዝተው ራሳቸው ያሰሩም አሉ።

አሁን ወደ ራሳችን ጥፋት። ለዓመታት «የድሮ ኦርጅናል» እያልን የሸጥነው ሴኮ ፋይቭ ምን እንደሆነ እንናገር። ሴኮ ፋይቭ እ.ኤ.አ. በ1963 የተጀመረ ደግ ሰዓት ነው። በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን ይሞላል፣ ዕለቱንና ቀኑን በአንድ መስኮት ያሳያል፣ ላብና ዝናብ ይችላል። በአገራችንም በዙሪያችንም አስተማሪው፣ ሹፌሩ፣ ወታደሩ አስሮታል። ያ ደግ ሰዓት ዛሬ ወደ እኛ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ተበልቶ ነው። ከህንድ በዱባይ በኩል የሚመጣው ጥቅል ሲፈታ ፊቱ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፤ ሴኮ በዚያ ሞዴል ላይ አውጥቶት የማያውቀው ደማቅ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካን። ጠቋሚው ከአንዱ፣ ቀፎው ከሌላው፣ ማሽኑ ከሦስተኛው ተለቃቅሞ የተገጠመ ነው። ቀፎው ከመሞረዱ ብዛት ጠርዝ የለውም፤ በባሕር ውስጥ የኖረ ጠጠር ይመስላል። እኛ ደግሞ «የ1970ዎቹ ነው፣ ሳይነካ የቆየ» እንላለን። የቱ ነው ያልተነካው?

የኤች ኤም ቲም እንዲሁ ነው። የህንድ መንግሥት ድርጅት የነበረው ኤች ኤም ቲ እ.ኤ.አ. በ1961 ከጃፓኑ ሲቲዝን ጋር ተዋውሎ ሰዓት መሥራት ጀመረ። ጃናታ የተባለው በእጅ የሚሞላ ሰዓቱ ለተራው ሰው የተሠራ እውነተኛ የክት ሰዓት ነበር። በ2016 የሰዓት ክፍሉ እንዲዘጋ ተወሰነ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ተወደደ፤ ስሙ ሲወደድ ደግሞ የቀለም ቀቢው ሥራ ደራ። እጃችን ላይ ከገባው ስንቱ ሙሉ በሙሉ ጃናታ እንደነበር ለመናገር ድፍረቱ የለንም።

ለሚገዛ ቤተሰብ ግን አንድ ሁለት ምልክት እንስጥ፤ ነጋዴ ወንድሞቻችን ቅር ይበላቸው። የድሮ ሴኮ ጀርባ ላይ በሰረዝ የተከፈለ ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ አራት አኃዞች የማሽኑ መለያ ናቸው፤ ለምሳሌ 7009። ከፊቱ ግርጌ፣ ከ6 ቁጥር ግራና ቀኝ፣ በዓይን በጭንቅ የሚታይ ጽሑፍ አለ፤ እዚያም ያው የማሽን መለያ መገኘት አለበት። ካልተመሳሰሉ ወይም ታችኛው ጽሑፍ ጭራሽ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ፊቱ የዚያ ሰዓት አይደለም ወይም ተቀብቷል። ሌላው የተከታታይ ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያው አኃዝ የተሠራበት ዓመት መጨረሻ ቁጥር፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። 8 ብሎ ከጀመረ 1978 ወይም 1988 ሊሆን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ የሚለየው ማሽኑ ነው። 7S26 የተባለው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1996 የመጣ ስለሆነ፣ እሱን ይዞ «የ1978 ነኝ» የሚል ሰዓት ቢኖር ተወልዶ ሳያልቅ አርጅቷል ማለት ነው። የፊቱ ጽሑፍ ወፍራምና የፈሰሰ ከሆነ፣ መስመሮቹም ከጠቋሚዎቹ ጋር ካልገጠሙ፣ አጉሊ መነጽርም አያስፈልግም።

ይህን ስንል የሚመልሱልንን እናውቃለን። አንዱ «እንደገና የተሠራውስ? እሱም እኮ አሮጌ መስሎ የሚሸጥ አዲስ ነው፤ ከቀለም ቅቡ በምን ይለያል?» ይላል። በአንድ ነገር ይለያል፦ አይዋሽም። ማርሊን ላይ የተጻፈው ስም የሠራው ኩባንያ ስም ነው። ዛሬ እንደተሠራም አይደበቅም። የአያትን ቀሚስ ጥለት አይታ አዲስ የሸመነች ሴት ማንንም አላታለለችም። አዲሱን በጭስ አጥና «የአያቴ ነው» ብላ ብትሸጥ ነው ጥፋቱ።

ግን ከኩባንያዎቹ ጎን ቆመን ጥሩምባ አንነፋም። እነሱም ትዝታ ይሸጣሉ። የ1960ዎቹ ማርሊን ማሽን የኩባንያው የራሱ ነበር፤ የዛሬው በእጅ የሚሞላ ማርሊን ማሽን ግን የቻይና ነው። ነውር አይደለም፤ ማሽኑ ደህና ይሠራል። ነውሩ ደንበኛው «የአሜሪካ ነው?» ሲል አንገት መነቅነቅ ነው። ከትናንት ወዲያ ተቋቁሞ ፊቱ ላይ ጥንታዊ ዓመተ ምሕረት የሚጽፍ አዳዲስ ስምም ሞልቷል። በባትሪ የሚሠራውን «ቅርስ» ብሎ የሚጠራም አለ። ስለዚህ የድሮ መልክ ስላለው ብቻ አታምጡ፤ ከማምጣታችሁ በፊት አንዱን አስከፍታችሁ ውስጡን እዩ።

ሌላው ደግሞ «ደንበኛው የሚፈልገው ስሙን ነው፤ እኛ ምን እናድርግ?» ይላል። ይህ ክርክር ግማሽ እውነት ስላለው ነው የሚያደክመን። አዎ፣ አውቆ ኮፒ የሚገዛ ሰው አለ። እሱ አርባ ዶላር ከፍሎ ለጓደኞቹ ይታያል፤ ያውቃል፣ ይስቃል። ከእሱ ግን ትልቅ ትርፍ አይገኝም። ትልቁ ትርፍ የሚገኘው ከማያውቀው ነው፤ ከአረብ አገር ደመወዟን ይዛ ከመጣችው፣ ልጁን ከሚድረው ገበሬ፣ ለአማቱ ስጦታ ከሚፈልገው ሙሽራ። የኮፒ ገበያ የሚያተርፈው በእነሱ ነው። በራሳችን ሰው። ሕጉንም ከጠየቃችሁ ኬንያ የሐሰተኛ ዕቃ መከላከያ ሕግ ካወጣች ከ2008 ጀምሮ ቆይታለች፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 501 የንግድ ምልክትን ትጠብቃለች። ካርቶኑ በተያዘ ቀን ደላላው አብሮን አይቆምም።

ሦስተኛው ክርክር የዋጋው ነው፤ ይህን በአክብሮት እንሰማለን። 200 ዶላር ብዙ ገንዘብ ነው። ለሌለው ሰው ሐሰተኛ የስዊስ ስም መልስ የሚሆነው ግን እንዴት ነው? 20 ዶላር የማይሞላ እውነተኛ ካሲዮ አለ፤ ለዓመታት ያለ ጭቅጭቅ ይሠራል፣ ስሙም የራሱ ነው። ደንበኛችን ሃምሳ ዶላር ብቻ ካለው ካሲዮውን እናስይዘውና ሠላሳው ኪሱ ይቅር። እዚህ ላይ አንከራከርም።

የሚገዛ ከሆነ ግን ምን እንደሚገዛ ንገሩት። ብዙ ጠብ የሚነሳው ካለመናገር ነው። በሞላ የሚሠራ ሰዓት እንደ ስልክ ልክ አይደለም። ኦሪየንት ራሱ ለባምቢኖ ማሽን በቀን እስከ 25 ሰከንድ መፍጠን ወይም እስከ 15 ሰከንድ መዘግየት ጤና ነው ይላል፤ ሴኮ ለ4R36 ማሽኑ እስከ 45 መፍጠንና እስከ 35 መዘግየት ይፈቅዳል። «በሳምንት ሁለት ደቂቃ ቀደመብኝ፣ ፎርጅድ ሸጣችሁልኝ» ብሎ የሚመጣ ደንበኛ የእኛ ጥፋት ነው፤ ቀድመን አልነገርነውም። በድንገት በቀን ብዙ ደቂቃ መሮጥ ከጀመረ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ማግኔት ነክቶት ነው፤ ከስልክ፣ ከድምፅ ማጉያ፣ ከቦርሳ መቆለፊያ ማግኔት ጋር እየተኛ ነው። ማግኔቱን የምታወጣው መሣሪያ ርካሽ ናት፤ በየሱቁ አንዷ ብትኖር የስንቱን ነገር ታበርዳለች። «30 ሜትር» የሚለውም ጽሑፍ ለዋና አይደለም፤ እጅ ሲታጠቡ የሚረጨውን ይችላል ማለት ነው። የማርሊን መስታወት ፕላስቲክ ነው፤ ሲጫጫር በጥርስ ሳሙናና በጨርቅ ይለሰልሳል። የባምቢኖው መስታወት ግን እንደዚያ አይሆንም፤ ከተጫረ ተጫረ። የ40.5ቱ ባምቢኖ ማሰሪያም ብዙውን ጊዜ 21 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በገበያ ከሞላው 20 እና 22 ጋር አይገጥምም። ሰዓቱን ስታመጡ ማሰሪያውን አብራችሁ አምጡ፤ ያለዚያ ደንበኛው 20 አስገብቶ ክፍተቱን እያየ ይረግማችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በየትኛውም የኩባንያ መመሪያ ላይ አታገኙትም። እኛ ቀናችንን ከንጋት እንቆጥራለን። ስዋሂሊውም «ሳ ሞጃ» ሲል የእኑን አንድ ሰዓት ማለቱ ነው፤ በዚህ ከሞምባሳ እስከ ጎንደር አንድ ነን። ቀን የሚያሳይ ሰዓት ደግሞ ቀኑን የሚለውጠው ጠቋሚዎቹ በየሁለተኛው ዙር 12 ላይ ሲደርሱ ነው። ሰዓቱን በሐበሻ አቆጣጠር ያስተካከለ ሰው 12 የሚሆነው ንጋት ላይ ወይም ምሽት ላይ ነው። ካልተጠነቀቀ ቀኑ ምሽት 12 ላይ ይዞርና እራት ሳይበላ ነገ ይሆንበታል። ያኔ ጠቋሚውን 12 ሰዓት ወደፊት ማዞር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑ በንጋት ይለወጣል። ከዚህ የሚከፋው የመመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ጠቋሚዎቹ ከማታው 9 እስከ ሌሊቱ 4 ባሉበት ጊዜ ቀኑን በመሙያው አትለውጡ ይላል፤ በዚያን ጊዜ የቀን መለወጫው ጥርሶች ተያይዘዋልና ሊሰበሩ ይችላሉ። ይህ በፈረንጅ ሰዓት ነው። በሐበሻ ለተስተካከለው ግን አደገኛው ጊዜ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4 ነው። ማለትም ሰው ቡናውን እየጠጣ «እስቲ ቀኑን ላስተካክል» የሚልበት ሰዓት! በዚህ ምክንያት ሁለት ሰዓት ተሰብሮ ተመልሶልናል፤ ሁለቱንም ከኪሳችን አሠርተናል፤ መናገር የነበረብን እኛ ነበርና። ቁጥሩም እስከ 31 ይሄዳል እንጂ 30 ላይ አይቆምም፣ ጳጉሜንም አያውቅ። ለዚህ ነው ለወላጅ ስጦታ ለሚፈልግ ሰው ቀን የሌለውን የምንመርጥለት። ጁባ ለሚመላለሰውም ሳንረሳ፦ ደቡብ ሱዳን ከየካቲት 2021 ጀምሮ ከእኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ቀን የሌለው ሰዓት ያለ ሥጋት ወዲያና ወዲህ ይዞራል።

ስለ ሰዓት ሠሪዎቹም እንናገር። መርካቶና ፒያሳ፣ ናይሮቢም መሐል ከተማ፣ በመስታወት ሣጥን ጀርባ ዓይናቸው ላይ አጉሊ መነጽር አጣብቀው የሚውሉ ሽማግሌዎች አሉ። ከእነሱ ሙያውን የሚቀበል ወጣት ጥቂት ነው፤ ለምን ቢባል ዛሬ የሚመጣላቸው ሥራ ባትሪ መቀየርና ማሰሪያ ማሳጠር ነው። ለዚያ ደግሞ ማንም አምስት ዓመት አይማርም። በሞላ የሚሠራ ሰዓት በየጥቂት ዓመቱ ተፈትቶ መታጠብና ዘይት መቀባት ይፈልጋል። እኛ መቶ ሰዓት ብናስገባ ለአንድ ሰዓት ሠሪ የዓመታት ሥራ ነው፤ አጠገቡ ለሚቀመጥ ልጅም እንጀራ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ብቻ እያመጣን ዘይቱን፣ ሞላውን፣ ውኃ መከላከያ ጎማውን ካላመጣን ግማሽ ሥራ ሠርተናል። ፋብሪካው የሚሰጠው ዋስትና ከዱባይ ገዝተን ባመጣነው ላይ በተግባር አይሠራም፤ ይህንንም መናገር አለብን። ዋስትናው እኛው እንሁን፤ የሰዓት ሠሪውን ስም ደረሰኙ ላይ ጽፈን፣ ለአንድ ዓመት የእሱን ዋጋ እኛ እንክፈል። ሞክረነዋል፤ ያሰብነውን ያህል አላከሰረንም።

ደረሰኝ ካነሳን፣ ከዘንድሮ ጀምሮ የእኛ ደረሰኝ ላይ ማሽኑ የየት አገር እንደሆነ፣ በእጅ ይሞላ ወይም በእንቅስቃሴ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ፊቱ የተቀባ ይሁን አይሁን ይጻፋል። «ይህን ሁሉ ጽፈህ ማን ይገዛሃል?» ያለን ወዳጃችን አለ። የተቀባውን በዚህ መልክ ስንሸጥ ዋጋው ወረደ፤ እውነት ነው። ባምቢኖውን ግን በተለጠፈው ዋጋ ይገዙናል፤ በፊት በአንድ ሰዓት ላይ ግማሽ ቀን እንከራከር ነበር።

የተቀቡ ሴኮዎች የሞሉበት አንድ ካርቶን አሁንም መጋዘናችን ውስጥ አለ። ወደ ስልሳ ይሆናሉ። መጣል አቃተን፤ ማሽናቸው የሚሠራ አለና። ሰዓት ሠሪው ከፍተው እያዩልን ነው። ደህና ማሽን ያለውን «ፊቱ የተቀባ» ብለን ጽፈን በግማሽ ዋጋ እናወጣዋለን፤ የማይሆነውን ለመለዋወጫ እሳቸው ይውሰዱት። ያቺን እህታችንንም አግኝተናታል። ሰዓቱን የሸጥንላት እኛ ባንሆንም አንድ ማርሊን በገዛንበት ዋጋ እንሰጥሻለን አልናት። ለአባቷ ምን ብላ እንደምትሰጣቸው ገና አላወቀችም።